ዘካውን ለባለቤቱ

“ዘካችሁን ለጉዳያችን አድርጉት” የሚል ጥሪ ረመዳን በገባ ቁጥር እሰማለሁ። ጉዳዩ ይለያያል። አንዱ ሚዲያ ሊያቋቁም ነው፣ አንዱ ለታሰሩ ሰዎች ጠበቃ ሊያቆም ነው፣ አንዱ ደግሞ “የኛ ሰው” ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ሊቀሰቅስ ነው። ጠሪዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ብዙዎቹን እወዳቸዋለሁ፣ ከአንዳንዶቹ ጋር ሰልፍ ወጥቻለሁ። ስለዚህ ይሄን የምጽፈው “ፖለቲካ ይቅርባችሁ፣ አርፋችሁ ስገዱ” ለማለት አይደለም። ሙስሊሙ መብቱን መጠየቅ አለበት፣ ለዚያም ኪሱን መፍታት አለበት። ከኪሱ የሚወጣው ግን ዘካው መሆን የለበትም። የምከራከረው ይሄን ነው።

የጉንደ ወይን ልጅ ነኝ። ከደብረ ወርቅ ወደ ሞጣ የሚሄድ ሰው የሚያልፍባት፣ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት። እዚያ እኛ ጥቂት ነን። ጎጃም ውስጥ ሙስሊም መሆን ለብዙ ዘመን መሬት አልባ መሆን ማለት ነበር፤ ርስት የክርስቲያኑ ነው፣ ለኛ የቀረልን ሽመናና ንግድ ነው። በ1967 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ነው ነገሩ በሕግ የተለወጠው። የዘካ መጽሐፍ ስንማር ሸኹ ስለ እህል ዘካ፣ በዝናብ የበቀለ ከአሥር አንድ፣ በመስኖ የበቀለ የዚያን ግማሽ፣ ስለ ከብት ዘካ፣ ሠላሳ ከብት ላለው አንድ ወይፈን እያሉ ሲያስረዱ፣ እኛ ልጆቹ እንሳሳቅ ነበር። የማን ከብት? የማን እርሻ? የኛ ሰው ዘካ የሱቅ ዘካ ነው። ዓመቱ ሲዞር ዕቃው ይቆጠራል፣ ዕዳው ይቀነሳል፣ ከቀሪው ከአርባ አንድ ይወጣል።

ሒሳቡን በምሳሌ ላሳይ። ዕዳው ተቀንሶ የ600,000 ብር ሸቀጥ ያለው አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ዘካው 15,000 ብር ነው። ለአዲስ አበባ ዘመቻ 15,000 ብር ምንም አይደለም፤ የአንድ ቀን የአዳራሽ ኪራይና የድምፅ ማጉያ ነው። ለጉንደ ወይን ግን እንጀራ እየጋገረች ለምትሸጥ ባሏ ለሞተባት ሴት የጤፍ መነሻ ነው፣ የአንድ ሽማግሌ ሸማኔ የክር ዕዳ ነው፣ የሁለት ልጆች ደብተርና ጫማ ነው። ይሄ ገንዘብ ከትንሽ ከተማ ሲወጣ በምትኩ የሚገባ ሌላ ገንዘብ የለም። በትልቅ ከተማ የተቀመጠ ዘመቻ አድራጊ ይሄ አይታየውም፤ እሱ የሚያየው ከብዙ ቦታ የተጠራቀመውን ድምር ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሕጉ። ቁርኣን በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ ዘካ የሚሰጣቸውን ስምንት ወገኖች ይዘረዝራል፤ ድኾች፣ ሚስኪኖች፣ የዘካው ሠራተኞች፣ ልባቸው የሚለመድ ሰዎች፣ ነፃነታቸውን የሚገዙ ባሮች፣ ዕዳ ያሰጠማቸው፣ በአላህ መንገድ ያሉ፣ መንገደኛ። አንቀጹ የሚጀምረው ዝርዝሩን በሚዘጋ ቃል ነው፤ ዘካ ለነዚህ ብቻ ነው፣ ለሌላ አይደለም በሚል ስሜት። የሶላትን ረከዓ ብዛት እንኳ ቁርኣን አልዘረዘረም። የዘካን ተቀባይ ግን አንድ በአንድ ጠርቷል። ለምን ይመስላችኋል? ገንዘብ ባለበት ሁሉ “እኔም አለሁበት” የሚል ስለማይጠፋ ነዋ።

ሰባቱ ላይ ብዙ ጭቅጭቅ የለም። ጭቅጭቁ ሁሉ ሰባተኛው በር ላይ ነው፤ ፊ ሰቢሊላህ፣ በአላህ መንገድ። የቀደሙት ሊቃውንት አብዛኞቹ ደመወዝ ሳይኖረው የሚዘምት ተዋጊ ነው ብለው ተረዱት፤ ከሐንበሊዎች በኩል ሐጅንም የጨመሩ አሉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ረሺድ ሪዳ ወደ ሕዝብ ጥቅም ሰፋ አደረጉት። ዩሱፍ አልቀርዳዊ በትልቁ የዘካ መጽሐፋቸው ሁሉንም በጎ ነገር አላስገቡበትም፤ በአንደበትና በብዕር የሚደረግን ትግል ግን አስገቡበት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ መካ ላይ የተቀመጠው የሙስሊም ዓለም ሊግ የፊቅህ ጉባኤም ዳዕዋ ይካተታል አለ። ይሄን የምደብቅበት ምክንያት የለኝም። “ኡለማ ፈቅደዋል” የሚለኝ ወዳጄ ባዶ እጁን አልመጣም።

ግን ወዳጄ፣ ምን ፈቀዱ? እስልምናን ለማስተማርና ለመጠበቅ የሚደረግ ሥራ። አንተ የምትጠይቀኝ ለእገሌ የምርጫ ቅስቀሳ ነው። በሁለቱ መካከል ረጅም መንገድ አለ፤ አንተ በአንድ እርምጃ ተሻገርከው። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል። የአራቱ መዝሀቦች አብዛኛው አቋም በዘካ መስጂድ አይሠራም የሚል ነው። መስጂድ! የአላህ ቤት! ለሱ ሰደቃ አለ፣ ወቅፍ አለ። በሐነፊዎች ዘንድ ዘካ እጅ ለእጅ ለድኻው በባለቤትነት መተላለፍ አለበት፤ ግድግዳ ደግሞ ባለቤት አይሆንም። ግድግዳ ካልተቀበለ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ በምን ሒሳብ ይቀበላል? ባነር ማተሚያ ቤት በምን ሒሳብ?

“ዘካ ራሱ ከመነሻው ፖለቲካ ነው” የሚሉም አሉ። ይሄኛው ክርክር ብልጥ ነው፣ ቶሎ አልጥለውም። አቡ በክር ዘካ አንሰጥም ባሉት ላይ ዘምተዋል። ከስምንቱ አንዱ፣ ልባቸው የሚለመድ የተባሉት፣ በግልጽ የፖለቲካ ወጪ ነው፤ የጎሳ አለቃ እንዲለዝብ ገንዘብ ይሰጠዋል። እውነት ነው። የዚያ በር ታሪክ ግን ወዴት እንደሄደ እንይ። ዑየይናና አቅራዕ የሚባሉ ሁለት የጎሳ አለቆች አቡ በክር ዘንድ መጥተው መሬት ጠየቁ፣ ተጻፈላቸው። ዑመር ወረቀቱን ተቀብለው አጠፉት። ያኔ እስልምና ደካማ ስለነበር ትሰጡ ነበር፣ አሁን ጠንክሯል፣ ሂዱና እንደ ሰው ሥሩ የሚል ነበር ሐሳባቸው። አቡ በክርም አልተቃወሟቸውም። ብቸኛው የፖለቲካ በር፣ ገና ነቢዩ ካረፉ ጥቂት ጊዜ ሳይሞላ፣ ቁልፉን በያዙት ሰዎች እጅ ተዘጋ። እኛ ደግሞ በ14 መቶ ዓመቱ በሩን ልንገነጥለው ነው። አቡ በክርም የዘመቱት ዘካው እንዲሰበሰብ ነው፤ ተሰብስቦ ለድኻው እንዲደርስ። ከባለጸጋው ተወስዶ ለዚያው አገር ድኻ እንዲመለስ ሙዓዝ ወደ የመን ሲላክ የተነገረው ይሄው ነበር።

አሁን ወደራሳችን ታሪክ ልምጣ። በ2004 የአወሊያ መምህራን ሲባረሩ የተነሳው ነገር የኛ ትውልድ ትልቁ ትምህርት ቤት ነበር። መንግሥትና መጅሊስ የአሕባሽን አስተምህሮ በላያችን ላይ ሊጭኑ ነው፣ መሪዎቻችንን እኛው እንምረጥ፣ አወሊያ በሕዝብ ቦርድ ይመራ። ጥያቄዎቹ እነዚህ ነበሩ። ሰልፍ በማይፈቀድበት አገር ሕዝቡ ጁምዓ መስጂድ ተሰበሰበ። ከመስጂድ መስጂድ ደግሞ “የሰደቃና የአንድነት ፕሮግራም” ተዘጋጀ፤ ከብት ይታረዳል፣ ሕዝብ ይበላል፣ ንግግር ይደረጋል። ሐምሌ 6 ቀን 2004 ፖሊስ አወሊያ ግቢ የገባው ለእንዲህ ዓይነቱ ፕሮግራም ዝግጅት እየተደረገ ሳለ ነው። ከዚያ የኮሚቴው ሰዎች ታሰሩ፣ በሐምሌ 2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው።

የስሙን ምርጫ አስተውሉ። ሰደቃ ነው ያሉት፣ ዘካ አላሉትም። ያን ያህል ጠበው፣ ያን ያህል ታፍነው፣ ልዩነቱን ያውቁት ነበር። ሰደቃ የፈቃድ ነው፣ ለጎረቤት ክርስቲያንም፣ ለተማሪም፣ ለባለጸጋም ይበላል፣ በሱ ጃንጥላ ሥር ሕዝብ መሰብሰብ ትችላለህ። ዘካ ግን የሰጪው እንኳ አይደለም። ዓመቱ ሲሞላ ከአርባው አንዱ ከእጅህ ወጥቷል፤ አንተ ጋ የቆየው በአደራ ነው። የሰው አደራ አውጥተህ ለትክክለኛ ዓላማ ብታውለው እንኳ ያው የሰው ገንዘብ ነው። የሚገርመኝ ያኔ በጭንቁ ቀን የተጠበቀው መስመር አሁን፣ ሰብሳቢው እንደልቡ በስልክ በሚለምንበት ጊዜ፣ መላላቱ ነው።

“ታዲያ የታሳሪ ቤተሰብስ?” ትሉኛላችሁ። ይሰጣቸዋል! አባወራው ታስሮ የሚበሉት ያጡ ልጆች ድኻ ናቸው፣ የመጀመሪያው በር የነሱ ነው። የሚሰጣቸው ግን ስለራባቸው ነው። የአባታቸው አቋም ከየትኛው ጎራ እንደሆነ ሳይጠየቅ። እዚህ ላይ ነው ልዩነቱ የሚታየው፤ ዘካ ወደ ፖለቲካ ሲዞር የመጀመሪያው ተጎጂ “የኛ ወገን ያልሆነ” ሚስኪን ነው። ሱፊው ለሰለፊው ታሳሪ ልጅ አይሰጥም፣ ሰለፊው ለአሕባሹ ሚስት አይሰጥም። ረሃቡ መታወቂያ ይጠየቃል።

ሞጣን ላንሳ፣ ምክንያቱም ጎረቤቴ ናት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012፣ ጁምዓ ቀን፣ ሞጣ ውስጥ መስጂዶች ተቃጠሉ፣ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተዘረፉ፣ ነደዱ። በየከተማው ሰልፍ ወጣ፣ ከአገር ውስጥም ከውጭም ገንዘብ ተዋጣ። ያን ሰሞን እኛ ቤት ውስጥ የነበረው ክርክር እስካሁን ይሰማኛል። አንደኛው አጎቴ “ዘካው ሁሉ ለሞጣ ይሂድ፣ ይሄ ፊ ሰቢሊላህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው” አሉ። ሌላኛው፣ ሸማኔው፣ “ለማን? ለምን?” እያሉ ሰቅዘው ያዟቸው። ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ ነድዶ ነው የሚናገረው፣ አንዱ ተረጋግቶ።

የሸማኔው አጎቴ ጥያቄ ትክክለኛ ነበር። ከአዲስ አበባ ጅምላ ሻጭ በዱቤ ዕቃ አምጥቶ ሱቁ የተቃጠለበት ነጋዴ ከነዕዳው ባዶ እጁን ቀርቷል። ይሄ ሰው ፊ ሰቢሊላህ የሚል ሰፊ በር አያስፈልገውም፤ ስድስተኛው በር፣ ዕዳ ያሰጠመው፣ በልኩ የተሠራለት ነው። ትናንት ዘካ ሰጪ የነበረ ዛሬ ተቀባይ ይሆናል፣ ነውርም የለበትም። የተቃጠለው መስጂድ በሰደቃ ይሠራ። ሰልፉን የሚያስተባብረው፣ መግለጫ የሚያወጣው፣ ክስ የሚመሠርተው ደግሞ በግልጽ ለዚያ በተዋጣ ገንዘብ ይንቀሳቀስ። ሦስት ኪስ ማለት ነው። ሰው በሐዘን ሲቃጠል ሦስት ኪስ ማውራት ቀዝቃዛነት ይመስላል፤ አጎቴም “ልብ የለህም ወይ?” ተብለዋል። ግን አንድ ኪስ ብቻ ሲሆን ምን እንደሚከተል ደግሞ እናውቃለን። ጮክ ብሎ መናገር የሚችለው መጀመሪያ ይወስዳል። መግለጫ ጮክ ይላል። ባለዕዳ አንገቱን ይደፋል።

የሩቁን ዓለም ሳይ ይሄው ነው። ፓኪስታን ውስጥ ጄኔራል ዚያ ኡል ሐቅ እ.ኤ.አ. በ1980 ዘካን ከባንክ ሒሳብ በግድ መቁረጥ ጀመሩ፤ ሺዓዎች ኢስላማባድን አጥለቅልቀው እስኪፈቱ ድረስ አገር ተናወጠ፣ ከዚያ በኋላም ረመዳን ሊገባ ሲል ገንዘቡን ከባንክ የሚያወጣ ሰው ዓመታዊ ወግ ሆነ። ማሌዥያ ውስጥ የዘካ ገንዘብ ለአንድ ሚኒስትር የጠበቃ ወጪ ዋለ ተብሎ ብዙ ተወቅሷል። ሱዳን ውስጥ ዘካ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆነ፤ ከባሺር አገዛዝ ጋር ስሙ አብሮ ጠቆረ። ሦስቱም ቦታ ሃይማኖተኛ ነን ባሉ ሰዎች እጅ ነው የሆነው። ስለዚህ “የኛ ሰዎች ቢይዙት ይለያል” የሚለውን ተስፋ ይቅርታ አድርጉልኝና አልጋራም።

ለጎጃሜ ደግሞ ፓኪስታን ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። አሥራት የሚለውን ቃል የማያውቅ ጎጃሜ የለም። ስሙ የእግዚአብሔር ነው፣ ከአሥር አንድ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ ወታደር በገበሬው ቤት እየገባ እንዳያስቸግር ብለው አሥራትን ለሠራዊቱ ስንቅ አደረጉት። ምክንያቱ ጥሩ ነበር፣ ማንም አይክድም። አንዴ የመንግሥት ከሆነ በኋላ ግን አልተመለሰም። በ1960 የአሥራቱ ቦታ በእርሻ ገቢ ግብር ሲተካ ሞጣና አካባቢዋ ሸፈቱ፤ ጦር መጣ፣ አውሮፕላን መጣ፣ በመጨረሻ ንጉሡ ገዢውን አንስተው ውዝፉን ሰረዙ። ያን ጊዜ የተነሳው ገበሬ አባቶቹ ለአምላክ ብለው ይሰፍሩት የነበረው አሥራት መቼ የወታደር እንደሆነ የሚያስታውስ አይመስለኝም። እኔ የምፈራው ይሄን መርሳት ነው። የልጅ ልጆቻችን ዘካ ማለት የፓርቲ መዋጮ መስሏቸው እንዳያድጉ።

በጣም የሚከብደው ተቃውሞ ይሄኛው ነው፤ “ሌላ ገንዘብ የለንም”። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ በመብት ጉዳይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ ከአሥር በመቶ በላይ እንዳይቀበል አግዶ ነበር፤ ያ ዘመን ብዙ አፍ ዘግቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ብቸኛው የማይነጥፍ ምንጭ ዘካ መስሎ ቢታይ አልፈርድም። ግን አዋጁ በ2011 ተተክቷል። መጅሊስም በ2012 በአዋጅ ተቋቁሟል፣ ወለድ አልባ ባንክ ተከፍቷል። አሁን “የለንም” የሚለው “መጠየቅ ሰልችቶናል” ማለት ነው። ለፖለቲካ ገንዘብ ስትጠይቅ ሰው ይከራከርሃል፣ እቅድህን አሳየኝ ይልሃል፣ ሪፖርት ይፈልጋል፣ “የባለፈው የት ደረሰ?” ይላል። ዘካ ስትጠይቅ ግን ግዴታውን እየከፈለ ስለሆነ አይከራከርህም፤ ከአላህ ጋር ሒሳቡን ዘግቶ ይሄዳል። የዘካ ማራኪነት እዚህ ላይ ነው፤ ጥያቄ የማይጠይቅ ገንዘብ። ጥያቄ የማይጠየቅበት ፖለቲካ ደግሞ ምን እንደሚሆን ኢትዮጵያ ውስጥ ለኖረ ሰው ማስረዳት የለብኝም።

ሌላም አለ። ከ2015 ክረምት መጨረሻ ጀምሮ አማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ነው። መንገድ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ይቋረጣል፣ ነጋዴ በመንገድ ይቀረጣል። በእንዲህ ያለ ቦታ “እገሌ ዘካውን ለፖለቲካ ይልካል” የሚል ወሬ አንድ ጊዜ ከተነገረ ማን ለማን እንደላከ የሚያጣራ አይኖርም። በኛ ላይ ያን ጊዜ በቴሌቪዥን ምን እንደተሠራ አልረሳነውም፤ “ጅሃዳዊ ሐረካት” በ2005 የተላለፈው ጥያቄያችን ሰላማዊ በነበረበት ሰዓት ነው። ንጹሕ የሆነውን እንኳ ያጠለሸ መንግሥት የተደባለቀውን ምን ያደርገዋል? ዋጋውን የምትከፍለው ደግሞ የአዲስ አበባው አክቲቪስት ሳይሆን በሻዕባን መጨረሻ በር በሩን የምታይ እንጀራ ጋጋሪ ናት። ሰጪው ይፈራል፣ እጁን ይሰበስባል፣ እሷ ትቀራለች።

መንግሥትንም ዝም ብዬ አላልፈውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። ያንኑ የሚጠቅሱ ባለሥልጣናት መስከረም 2005 የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌ እንዲካሄድ አድርገዋል። ነገ ደግሞ “ዘካውን እኛ እናደራጅላችሁ፣ ለልማት ይዋል” ሲሉ ብንሰማ እንዳይገርመን። ልማትም ፖለቲካ ነው። ለአክቲቪስቱ የምለውን ለባለሥልጣኑም እላለሁ፣ ያው ቃል ነው።

የምፈልገው ውስብስብ አይደለም። እያንዳንዱ ጀመዓ የራሱን ድኾች መዝገብ ይያዝ፤ ጉንደ ወይን ላይ ይሄ አንድ ገጽ አይሞላም። የአካባቢው ዘካ መጀመሪያ እዚያ ይራገፍ፣ የተረፈ ካለ እንደ ሞጣ ያለ መከራ ወደ ደረሰበት ጎረቤት ይሂድ፣ ለሰው፣ በስም። ለመብት ትግሉ ሌላ ሣጥን ይቀመጥ፣ ስሙም ሳይለሰልስ “የመብት ትግል መዋጮ” ይባል። በየሦስት ወሩ ገቢና ወጪው መስጂድ በር ላይ ይለጠፍ። ያን ጊዜ ስንቶቻችን ለትግሉ የምር እንደምንቆረስለት እናያለን፤ እኔ ከብዙ ጯሂ ወዳጆቼ ኪስ ብዙ አልጠብቅም፣ ቢያሳፍሩኝ ግን ደስ ይለኛል።

ሣጥኑ ከተቀመጠ የራሴን ድርሻ አስገባለሁ። የዚያ ዓመት ዘካዬ ግን ቀድሞ ወጥቷል፤ ጤፍ ሆኗል፣ ክር ሆኗል፣ ሁለት ጥንድ የልጅ ጫማ ሆኗል።